የገለባ ጥጃ የምትሰፋው ደብሪቱ

በፊት በፊት፣ ይህ የምታዩት ዋርካ ገና ከመሬት ቀና ሳይል፣ ይህ የምትሄዱበት መንገድ የሚዳቋ ዱካ ሳለ፣ ሰው ጥቂት ዝንብ ብዙ በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ ወንዝገብ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች።

ዛሬ ጧት ላሚቱ ስትወልድ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ስጣራ የሳቃችሁብኝ እናንተ ናችሁ አይደል? ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ስቄ አያቴ በኩርኩም አቅምሳኛለች፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እናንተን አልኮረኩምም። ብቻ አታቋርጡኝ።

ደብሪቱ ርስት አልነበራትም። ከብት አልነበራትም። ባሏ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ ሞተ፤ ልጅም አላስቀረላትም። የቀራት ወንዙ ዳር ያለች ጎጆ፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ የቆዳ መፋቂያና ሁለት እጇ ነበር። በእነዚያ እጆቿ ምን ትሠራ ነበር ብትሉኝ፣ የገለባ ጥጃ ትሠራ ነበር።

ምነው አፈጠጣችሁብኝ? የገለባ ጥጃ አልኩ። የእኛ አገር ላም ጥጃዋን አጠገቧ ካላየች ወተት አትሰጥም። ጥጃው ግቷን በአፍንጫው መታ መታ ሲያደርጋት፣ ያን ጊዜ ወተቱ ይወርዳል። ጥጃው ከሞተ ግን ላሚቱ ግቷን ትቆልፋለች፤ ብትለማመጣት፣ ብትዘፍንላት፣ ጉድ ብትል ጠብታ አትሰጥህም። ስለዚህ የሞተው ጥጃ ቆዳው ይገፈፋል፣ በገለባ ይጠቀጠቃል፣ ይሰፋል። አላቢዋ ጨው ነስንሳበት ከላሚቱ ፊት ታቆመዋለች። ላሚቱ ጨውን ትልሳለች፣ የልጇን ጠረን ታሸታለች፣ ትታለላለች። ወተቱም ለጥቂት ጊዜ ይወርዳል። ኋላ እየሳሳ ሄዶ ይነጥፋል።

ያኔ በወንዝገብ የገለባ ጥጃ ያልተሰቀለበት ቤት አልነበረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ሲሞቅ፣ ዝንቡ ይነሣል። ያን ሰሞን የተወለደ ጥጃ አይበረክትም። ይወለዳል፣ ይቆማል፣ ይጠባል፣ ይወድቃል። አንድ መንገደኛ ነጋዴ በመንደሩ ሲያልፍ በየደጁ የቆሙትን የገለባ ጥጆች አይቶ፣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ጥጆች ናቸው እናንተ! አንዱም እምቧ አይልም» ብሎ አድንቆ ሄደ ይባላል። የመንደሩ ሰው ይህን እያወራ ይስቅ ነበር። ስቆ ሲጨርስ ደግሞ ይተክዛል፤ ምክንያቱም ጥጃ ካላደገ ነገ ላም የለም።

ከላሞቹ ሁሉ አልታለልም ያለች አንዲት ነበረች። ዳልቻ ትባላለች፤ የእሜቴ ማንጠግቦሽ ላም ናት። አንድ ዓመት ጥጃዋ ሞቶባት የገለባውን ቢያቀርቡላት አሸተተችው፤ ዘወር አለች፤ ተመለሰች፤ በቀንዷ ስፌቱን ተረተረችና ገለባውን እምሽክ አድርጋ በላችው። ይህችን ዳልቻ ልብ በሉልኝ፣ እንመለስባታለን።

ደብሪቱን ሰው ይፈልጋታል፣ ሰው ይሸሻታል። ጥጃ ሲሞት ይፈልጋታል፣ ጥጃ ሲወለድ ይሸሻታል። ቡዳ ናት ይሏታል። ያኔ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ሁሉ ቡዳ ይባል ነበር፤ የሰው ነገር! ላም ምጥ ሲይዛት የግቢው በር ይዘጋል። ደብሪቱ በዚያ በኩል ካለፈች ጥጃው ላይ ነጠላ ይጣልበታል። ሲሞት ግን ቆዳውን በእንጨት አንጠልጥለው በአጥር ላይ ያቀብሏታል። ሠርታ ስትመልስ አንድ ቅል ወተት ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡላታል። በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አንቺ ፋቂ» ነው። ከሰው ግቢ በር አልፋ ገብታ አታውቅም። ይግረማችሁ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የጥጃ ቆዳ ስትሰፋ ኖራ በእግሩ የቆመ ለጋ ጥጃ ቀርባ አይታ አታውቅም ነበር።

እጆቿ ግን ያያሉ። ቆዳውን በዘረጋች ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር ታገኛለች። እትብቱ ዙሪያ ቆዳው ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። በጆሮው ውስጥ፣ በጅራቱ ሥር፣ በብብቱ መዥገሩ እንደ ጉሎ ፍሬ ተለጥፏል። በሆዱ በኩል ፀጉሩ በእበት ተጋግሯል። ሌላ ጥጃ፣ ሌላ ቆዳ፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እትብት፣ መዥገር፣ እበት። እትብት፣ መዥገር፣ እበት።

ስለ እበቱ ልንገራችሁ። ያኔ የወንዝገብ ሰው ጥጃ ካለበት ጋጣ እበት አያወጣም። ጥጃው ሣር እስኪቀምስ ድረስ መጥረጊያ ወደዚያ ዝር አይልም። እበቱን ያወጣ የቤቱን በረከት እንዳወጣ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ እትብቱ ያልደረቀ ጥጃ እርጥብ እበት ላይ ይተኛል፤ ዝንቡም ማረፊያ አይቸግረውም። ታዲያ ሞኞች ነበሩ ብላችሁ እንዳትስቁባቸው። በረከት እንዳይርቃቸው የፈሩ ሰዎች ነበሩ። እኔም እፈራለሁ።

በደብሪቱ ጎጆ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትል የበላው ቆዳ ዋጋ የለውም። ስለዚህ እርጥቡ ቆዳ ላይ አመድ ትነሰንስበታለች፤ የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፋ በውሃው ታብሰዋለች፤ ጥንጁት ታጨስበታለች። የጥንጁት ጢስ ለእኛ ደስ ይላል፣ ዝንብ ግን አይወደውም። አንድ ቀን ወስፌዋን እንደያዘች ዙሪያዋን አየች። የሞቱት ጥጆች ንጹሕ ናቸው። በሕይወት ያሉትን ጥጆች ትል እየበላቸው ነው። ልቧ ድንግጥ አለ።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ለሞተው የማደርገውን ለቆመው ቢያደርጉለትስ?»

ወስፌዋን አስቀምጣ ተነሣች።

በመጀመሪያው ጊዜ ሄዳ ተናገረች። ጭቃ ሹም ደምለው የመንደሩ ሹም ነው፤ ከብቱም ከሁሉ ይበዛል፣ የገለባ ጥጃውም ከሁሉ ይበዛል። ደብሪቱ አንዱን ሠርታ አመጣችለትና ከበሩ ውጭ አቆመችለት። ቅሏን ግን አላነሣችም።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ጥጆቹን የሚጨርሳቸው በእትብታቸው የሚገባው ትል ነው። መዥገሩም ደማቸውን ይመጣቸዋል። ጋጣው ተጠርጎ አመድ ቢነሰነስበት፣ ጥንጁት ቢጨስበት፣ መዥገሩ በእጅ ቢለቀም ይድኑ ነበር።»

ደምለው ሳቀ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ስሙልኝ! ጥጃው ከዳነ ይህቺ ሴት ምን ልትበላ ነው?» አለ። «በይ ቅልሽን አንሺና ሂጂ።»

እሜቴ ማንጠግቦሽ ያን ዕለት እዚያው ነበሩ። «አፏን ከጥጆቻችን ላይ ታንሣ!» ብለው ጮኹ። እሜቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አንደበታቸው ግን እሳት ነበር። ደብሪቱ ቅሏን አንሥታ ሄደች። አላለቀሰችም። እውነት ተናግሮ መሳቂያ መሆን ግን ያንገበግባል፤ እሷንም አንገበገባት።

በሁለተኛው ጊዜ አልተናገረችም፣ ሠራች። በዓመቱ፣ ዝናቡ ሳሳ ሲል፣ ከደምለው ከብቶች አንዲት ጥጃ ታመመች። እትብቷ ተልቷል፣ መቆም አቅቷታል። ትሞታለች ተባለና ሳትሞት ገደሉ አፋፍ ላይ ተጣለች፤ ማታ ጅብ ይወስዳታል። ደብሪቱ በዚያ በኩል ስታልፍ እምቧ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀጭን ናት ድምፅዋ። ደብሪቱ ቆመች። ጎንበስ ብላ አየቻት። እንግዲህ ይህች ነበረች በሕይወት እያለች የነካቻት የመጀመሪያዋ ጥጃ። ትሞቃለች። ትተነፍሳለች። ደብሪቱ ያን ሁሉ ዘመን ቀዝቃዛውን ቆዳ ነበር የምታውቀው፤ ሙቀቱን በእጇ ስታገኘው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ተሸከመቻት።

ጎጆዋ አስገባቻት። ከመሬት ከፍ ያለ የጨንገር ቆጥ ሠራችላት፤ ሽንቷም እበቷም ወደ ታች እንዲወርድ። ትሉን በወስፌዋ ጫፍ እየለቀመች አወጣች። ቁስሉን በትምባሆ ውሃ አጠበች። በጥሩ የተነፋ አመድ ነሰነሰችበት። መዥገሩን ከጆሮዋ ውስጥ፣ ከጅራቷ ሥር በጥፍሯ እየነቀለች እሳት ውስጥ ጣለች። ጧት ትጠርጋለች፣ ታጨሳለች። ማታ ትጠርጋለች፣ ታጨሳለች። ለሥራዋ የሚሰጧትን ቅል ወተት በጣቷ እያስላሰች አጠጣቻት፤ ለራሷ ንፍሮ ቆረጠመች። ጥጃዋ ከሳች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቆመች፣ ከዚያ ዘለለች። ትርፌ ብላ ስም አወጣችላት።

ደስ ብሏት ነበር። ሰው ትርፌን አይቶ ይማራል ብላ ነበር። ምን ዋጋ አለው! የወንዝገብ ሰው ትርፌ ወንዙ ዳር ስትቦርቅ አየና ደነገጠ። ያን ዓመት የሞተው ጥጃ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የባሰ ነበር። መንደሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበና ደብሪቱን አስጠራት።

«የእኛ ሁሉ ሲሞት የእሷ ብቻ ለምን ዳነች?» አለ ደምለው። «የጥጆቻችንን ነፍስ ሰብስባ ለጥጃዋ ሰጥታት ነው።»

«ጌታዬ፣ እንዴት እንደምትድን ልንገርዎ ብዬ ደጅዎ መጥቼ ነበር» አለች ደብሪቱ።

ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው አጉረመረመ፣ ነገሩም እንደ ጀመረ ሄደ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ወንዙ አሁን ሙሉ ነው፣ አያሻግርም። ውሃው ሲጎድል ደብሪቱ ጥጃዋን ይዛ ትሻገር፤ ተመልሳም ወንዝገብን አትርገጥ። እሜቴ ማንጠግቦሽም «ትሂድልን» ካሉት አንዷ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ በየጧቱ ወደ ወንዙ እየወረደች ውሃውን ታያለች። ትልቁ ድንጋይ አልታየም፤ ትመለሳለች። የድንጋዩ አናት ታየ፤ ትመለሳለች። ባሏን የቀበረችው እዚህ ነው። የምታውቀው መሬት ይህ ነው። ማዶ ላይ የሚቀበላት አንድ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሐል የእሜቴ ማንጠግቦሽ ልጅ በወሊድ ሞተች። አንዲት ፍሬ ሴት ልጅ ትታ ሞተች። ትርንጎ አሏት ሕፃኗን። አንዲት አራስ ጎረቤት ከልጇ እየቀነሰች ስታጠባት ቆየች፤ ኋላ ጡቷ ለሁለት አልበቃ አለ። በመንደሩ የሚታለብ ላም ጠፍቷል፤ በገለባ የታለሉት ሁሉ ነጥፈዋል። የቀረችው ዳልቻ ናት፤ እሷም አርግዛ ዛሬ ነገ እየተባለች ነው። ዳልቻ ብትወልድና ጥጃዋ ብትኖር ትርንጎ ትኖራለች። ጥጃዋ ብትሞት ዳልቻ በገለባ አትታለልም፤ ትርንጎም ታበቃላታለች። ይህን እሜቴ ያውቃሉ፣ መንደሩ ያውቃል፣ ደብሪቱም ታውቃለች።

ዳልቻ ወለደች። በዚያው ጧት የወንዙ ትልቁ ድንጋይ እስከ ወገቡ ታየ። ደብሪቱ ወስፌዋን፣ መፋቂያዋንና አሮጌ ቁርበቷን ጠቅልላ አሰረች። ትርፌን በገመድ ሳበቻት። ልትወጣ ስትል እሜቴ ማንጠግቦሽ ደጇ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በዚያ ጎጆ ደጅ የቆመ እንግዳ ከዚያ በፊት አልነበረም። ነጠላቸው በጭቃ ተለውሷል፤ መንገዱን ሳይመርጡ ነው የመጡት። ትርፌን አዩ። ትርፌ የተረፈችበትን የእትብት ጠባሳ አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

«ደብሪቱ፣ የዳልቻን ጥጃ ዝንቡ ጀምሯታል» አሉ። «ልጄን ቀበርኩ። ትርንጎንም አታስቀብሪኝ።»

ደብሪቱ መጀመሪያ የሰማችው ስሟን ነው። ጥቅሏን አስቀመጠችና ተከተለቻቸው። እሜቴ የግቢያቸውን በር በሁለት እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱና «ደብሪቱ፣ ግቢ» አሏት። ደብሪቱ ግን ልማድ ሆኖባት ድንጋዩ ዘንድ ቆመች። እሜቴ እጇን ይዘው አስገቧት።

ወሬው ወዲያው ደረሰና ደምለው ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። «እሜቴ ማንጠግቦሽ፣ እብድ ሆኑ እንዴ?»

«እብድ ብሆንስ? የእናንተ ብልሃት ምን አመጣልኝ!»

ደምለው ወደ ደብሪቱ ዞረ። «እንግዲያው ስሚ። ጥጃዋ ከዳነች መንደራችን ውስጥ ትቀመጫለሽ። ከሞተች ግን በሕፃኗ ደም የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ወንዙ ክፍት ነው፣ ከፈለግሽ አሁኑኑ ሂጂ።»

መሄድ ትችል ነበር። ማንም አይከተላትም ነበር። ከቤት ውስጥ የትርንጎ ለቅሶ ተሰማ፤ ደብሪቱ መለስ ሳትል ወደ ጋጣው አመራች።

መጥረጊያውን አነሣችና ለእሜቴ ሰጠቻቸው። «እሜቴ፣ እርስዎ ይጥረጉት። እኔ ካወጣሁት በረከቱን ወሰደችብን ይላሉ።»

ብልህ ናት ደብሪቱ! እሜቴ መጥረጊያውን ይዘው ቆሙ። እናታቸው ያላደረገችውን፣ አያታቸው ያላደረገችውን ሊያደርጉ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው መጥረግ ጀመሩ። ደብሪቱ አመድ ነሰነሰች። ደብሪቱ ጥንጁት አጨሰች። ደብሪቱ የጨንገር ቆጥ ሠራች። እትብቷን አጠበች፣ መዥገሯን ለቀመች። ጥጃዋ ተነሥታ ጠባች፣ ዳልቻም ወተቷን ለቀቀች። እሜቴ ወተቱ ውስጥ ጥጥ እየነከሩ ትርንጎን አጠጧት። ሰውም ገርሞት ወደየቤቱ ገባ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዝንቡ ተመለሰ። ጥጃዋ ጆሮዋን ጣለች፣ መጥባት ተወች። ዳልቻ ግቷን ቆለፈች። ትርንጎ ስታለቅስ ዋለች፤ ኋላ ማልቀሱም አቃታት። ደምለውና ሰዎቹ በሩ ላይ ተደረደሩ፤ አንዱ ዱላ ይዟል፣ አንዱ ጠፍር ይዟል። ወንዙ በዚያ በኩል ጎድሎ ያንፀባርቃል።

ደብሪቱ ግራ ገባት። ጋጣው ተጠርጓል። አመዱ አለ። ጥንጁቱ ይጨሳል። ዝንቡ ከየት መጣ? የምታደርገው ሲጠፋት ቁጭ ብላ ዝንቦቹን ማየት ያዘች። ከጥጃዋ ይነሣሉ፣ ወደ ጥጉ ይሄዳሉ፤ ከጥጉ ይነሣሉ፣ ወደ ጥጃዋ ይመጣሉ። ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች። ከቆጡ ሥር፣ በስባሪ እንስራ የተሸፈነ እፍኝ የማይሞላ እበት ተቀምጧል። ትል ይንፈቀፈቅበታል።

«እሜቴ፣ ይህን ማን አስቀመጠው?»

እሜቴ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ያንን ሁሉ ጠርጌ ሳወጣ ፈራሁ። ልጄ ሄደች፤ በረከቱን ሙልጭ አድርጌ አውጥቼ ይህቺም ብትሄድብኝስ? ትንሽ እንኳ ትቅርልኝ ብዬ ነው፣ ደብሪቱ።»

ደብሪቱ ተናደደች። በዚህች ጥጃ የእሷም ነፍስ ተይዟል። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ጠፍር ይዘው የቆሙት ለእሷ ነው። አፏን ከፈተች። ከዚያ የእሜቴን እጆች አየች፤ መጥረጊያው ልጧቸዋል። ንዴቷን ዋጠችው።

«እሜቴ፣ በረከቱ ከግቢዎ ይውጣ ያለ ማን ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ከጋጣው ይውጣ እንጂ ከአጥርዎ አይውጣ። ዱባዎ የት ነው የተተከለው?»

እሜቴ ቀና ብለው አዩዋት። «እዚያ፣ ከቤቱ ጀርባ።»

«እንግዲያው ለዱባው እንስጠው። በረከቱ ቤትዎ ይቀመጣል፤ ከጥጃዋ ግን ይራቅልን።»

ሁለቱ ሆነው እበቱን በስባሪው እንስራ ተሸክመው ወጡ። በደምለውና በሰዎቹ ፊት አለፉ። ከዱባው ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቀበሩት፣ አፈር መለሱበት። እሜቴ ያን ዕለት ከልባቸው ተነፈሱ ይባላል። ደብሪቱ ወደ ጥጃዋ ተመለሰች። እትብቷን ከፈተች፤ ከሥሩ ትል አለ። በወስፌዋ ጫፍ ለቀመች። አጠበች። ነሰነሰች። አጨሰች። ለቀመች፣ አጠበች፣ ነሰነሰች፣ አጨሰች። ሲመሽ ከአጠገቧ አልተነሣችም፤ ሲነጋም አልተነሣችም። በሩ ላይ ያለው ሰው ቁጭ አለ።

ረፋዱ ላይ ጥጃዋ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ተነሣች። ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ ደግሞ ተነሣች። ወደ እናቷ ሄዳ ግቷን በአፍንጫዋ መታ አደረገችው። ዳልቻ ጀርባዋን ላሰቻት። ወተቱ ወረደ። እሜቴ ማንጠግቦሽ አረፋው የሚንተከተክ ቅል ይዘው ከጋጣው ሲወጡ እልል አሉ፤ አሮጊቷ በሐዘናቸው መሐል እልል አሉ! ጥቂት ቆይቶ ከቤት ውስጥ የትርንጎ ለቅሶ ተሰማ። ብርቱ ለቅሶ ነበር። ጠፍር ይዞ የመጣው ሰው ጠፍሩን የት እንደሚደብቀው ጠፋው።

ደምለው ያን ቀን «ተሳሳትኩ» ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። ሹም አይደል፣ ቶሎ አይወጣለትም። በወሩ ግን የእሱም ላም ምጥ ያዛት። ያኔ ራሱ ተነሥቶ ወንዙ ዳር ወረደና ጎጆዋ ደጅ ቆመ። አክ አለ፣ ሰማይ አየ፣ መሬት አየ። በመጨረሻ «ደብሪቱ፣ በሩን ከፍቼ ነው የመጣሁት። ግቢልኝ» አለ። ገባችለት። መጀመሪያ መጥረጊያውን ለእሱ ሰጠችው፤ ጭቃ ሹሙ ጎንበስ ብሎ ጋጣ ሲጠርግ ለማየት መንደሩ በሙሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ወዲያ ወንዝገብ ላይ የገለባ ጥጃ ቀረ። ገለባውን አህያ በላው፣ ቆዳው የልጆች መተኛ ሆነ። ልብ በሉ፣ ደብሪቱ እንጀራዋን በገዛ እጇ ነው የዘጋችው። እሷ እንደሆነ አልጸጸታትም። ጥጃ በተወለደበት ቤት ሁሉ ትጠራለች፣ እትብት ታያለች፣ የእንገሩን፣ የአዲስ ወላዷን ወተት፣ መጀመሪያ ትቀምሳለች። ትርፌ ወለደች፣ የትርፌ ልጆች ወለዱ። ትርንጎ አደገች፤ ደብሪቱን «እማዬ» እያለች አደገች።

ደብሪቱ አርጅታ ሞተች። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቀበራት። በዚያው ሰሞን የትርንጎ ላም ወለደች። ትርንጎ ያኔ ባለ ትዳር ናት። እንደ ልማዷ ሮጣ የግቢውን በር ከፈተችና «ደብሪቱ፣ ግቢ!» ብላ ተጣራች። ተጣርታ ሳትጨርስ ትዝ አላት። በሩን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባሏ በሩን ሊዘጋው መጣ፤ «ተወው» አለችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ መጥረጊያውን አነሣች፣ ጋጣውን ጠረገች፣ እበቱን ለዱባው ሰጠች፣ አመድ ነሰነሰች፣ ጥንጁት አጨሰች። ጥጃዋ ዳነች።

ትርንጎ አያቴን ወለደች። አያቴ በኩርኩም ያለችኝ ለዚህ ነው። ያቺ የዳልቻ ጥጃ ብትሞት ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራላችሁም፣ አፉን ከፍቶ የሚሰማኝም አይኖርም ነበር።

አሁንማ ሐኪሙ በጠርሙስ ያመጣውን ቀይ መድኃኒት እትብቱ ላይ ያፈስለታል። ጥሩ ነው፣ ይፍሰስ፣ እኔም አልጠላም። ቢሆንም ወንዝገብ ላይ ጥጃ ሲወለድ መድኃኒቱ ሳይፈስ፣ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ሳይል፣ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈትና «ደብሪቱ፣ ግቢ!» ይባላል። ከእንገሩም ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ትንሽ ይቀመጥላታል።

በሉ ተነሡ። አንቺ መጥረጊያውን ያዢ፣ አንተ ከምድጃው አመድ አምጣ። በሩን ግን እንዳትዘጉት፤ የጥጃዋ እትብት ገና አልደረቀም።